ጋሽ ይርጋ ኮልፋክስ ላይ ታዩ

ባለፈው ቅዳሜ ከማርከስ ጋር በዴንቨር ካፒቶል ሂል ሰፈር በኩል ወደ ቤት ስንመለስ፣ አንድ የጓሮ መንገድ አፍ ላይ መኪናውን አቆምኩት። የወር መጨረሻ ነበር። በወር መጨረሻ እዚያ ሰፈር ተከራይ ይወጣል፣ ተከራይ ይገባል፤ የወጣው ሰው ለመሸከም የሰነፈው ነገር ሁሉ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ይከመራል። ሶፋ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ። የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ከጠዋት ጀምሮ ሲጥል ስለዋለ ሁሉም ነጭ ለብሷል። የሶፋው ክንድ ላይ ግን አንድ ካፖርት ተጥሎ ነበር፤ እሱን በረዶ አልነካውም።

«ልትወርድ ነው አይደል?» አለኝ ማርከስ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ይህችን ጠባዬን ለምዷታል።

አዎ፣ ልወርድ ነበር። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ሆስፒታል ውስጥ የምሠራ፣ ሎውሪ ሰፈር ውስጥ የራሱ ቤት ያለው ሰው የማንንም ካፖርት አይፈልግም። ግን የተጣለ ካፖርት ሳይ ኪሱን ሳልፈትሽ ማለፍ አልችልም። ይህ ነገር የያዘኝ አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ ነው።

ያኔ ከእናቴ ጋር ከዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ስትመጣ የያዘችው አንዲት ፌስታል ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ አዲስ ዕቃ ክብር ነበረው። የጫማ ካርቶን አይጣልም። የሶፋው ላስቲክ አይነሳም። እኔ አዲስ ልብስ ለብሼ ትምህርት ቤት ስሄድ በመስኮት ቆማ ታየኛለች፤ የለበሰችው እሷ የሆነች ያህል ደስ ይላታል።

በዚያ ዓመት የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወንድ ልጅ እንደምወድ እናቴ ካወቀች አውጥታ ትጥለኛለች ብዬ እፈራ ነበር። ለዚህ ነገር በአማርኛ የማውቀው ቃል ስድብ ብቻ ነው። እሱንም የሰማሁት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ምሳ ስንበላ፣ ሌላ ስቴት ስለሚኖር አንድ ልጅ ሲወራ ነው። ወላጆቹ ልብሱን በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ጠቅልለው በር ላይ አስቀመጡለት ተባለ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እናቴ ምንም አላለችም፤ አቀርቅራ ሳህኗን አየች። ያንን ዝምታዋን ለወራት ሳገላብጠው ከረምኩ።

ዋልተርን የተዋወቅኩት ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ነው። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ የገበያ ጋሪ እየገፋ መጣ። ጋሪው ጢም ብሎ ዳቦ ሞልቷል።

«ትናንት የተጋገረ ነው» አለኝ። «ምንም አልሆነም። ዛሬ ስለነጋ ብቻ ጣሉት።»

አንዱን ቆርሶ ሰጠኝ፤ ቆሜ በላሁ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ፊቱ ጠቃጠቆ የሞላበት፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ ነው። ሲስቅ እስከ አንገቴ ድረስ ሞቀኝ፤ ደነገጥኩም። ጋሪውን አብሬው እየገፋሁ እስከ ቤቱ ሄድኩ።

ቤቱ ካፒቶል ሂል ውስጥ ያለ አሮጌ የጡብ ቤት ነበር። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ዶሮቲ የምትባል ሴት ከአክስቷ ወርሳው፣ ዋልተርና አንዳንድ የሚመጡ የሚሄዱ ልጆች አብረዋት ይኖሩበታል። ሕጋቸው አንድ ነው፤ በገንዘብ የተገዛ ነገር ከደጃፉ አያልፍም። የሚበሉት ገበያዎች የጣሉትን አትክልትና ዳቦ ነው፤ ሥጋና ወተት አይነኩም። የሚቀመጡበት ወንበር፣ የሚጠጡበት ብርጭቆ፣ የሚለብሱት ሁሉ ሰው የጣለው ነው። ሰው የተፈጠረው ለመግዛት አይደለም፣ የገዛኸው ዕቃ መልሶ ይገዛሃል ይሉ ነበር። እኔ በፕላስቲክ የተሸፈነ ሶፋ ላይ ያደግኩ ልጅ ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ከሁሉ በላይ ግን የተጣለ ነገር ሁሉ ቦታ የሚያገኝበት ቤት መሆኑ አንጀቴን በላው። ለምን እንደሆነ ለማንም መናገር አያስፈልገኝም ነበር።

እንዲያም ሆኖ ቤቱ ያስፈራ ነበር። ስማቸው እንኳ የሰው ነው። ዋልተር ስሙን ያገኘው ከአንድ የተጣለ የሥራ ሸሚዝ ደረት ላይ ነው። ዶሮቲ የእሷን ያገኘችው ከአንዲት አሮጊት የምግብ አሠራር ካርዶች ላይ ነው፤ ሴትዮዋ ስትሞት ልጆቿ ሣጥኑን ከነካርዱ ጥለውት ነበር። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ጠይቄ አልነገሩኝም። ግድግዳው ላይ የማያውቋቸው ሰዎች ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሙሽሮች፣ ወታደሮች፣ የልደት ኬክ የያዙ ሕፃናት። ክፈፉን ሲያነሱ ፎቶው አብሮ ስለመጣ ሳያወጡ ሰቀሉት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የስልክ መልእክት የሚቀዳ አሮጌ ማሽን ነበር። ምሳ ሲቀርብ ዶሮቲ ትከፍተዋለች። የአንዲት ሴት ድምፅ፣ «እኔ ነኝ፣ እንደገና ደወልኩ፤ አለህ?» ይላል። ዶሮቲ ሾርባዋን እየቀዳች፣ «አለን» ብላ ትመልስላታለች። ከዚያ እንበላለን።

ሴፕቴምበር ሲያልቅ ዋልተር ካፖርቱን አመጣልኝ። ቡናማ፣ ረጅም፣ ከባድ ሱፍ ነው፤ ኮሌታው ተበልቷል፣ ገበሩ ግን ደህና ነበር። አለበሰኝና ቁልፎቹን ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ እስከ አንገቴ ቆለፈልኝ። እጁ ዳቦ ዳቦ ይሸት ነበር። በሕይወቴ ሙሉ ማንም እንዲህ ቀስ ብሎ ነክቶኝ አያውቅም። ከዚያ በላይ በመካከላችን የተደረገ ነገር የለም፤ ያችው ለእኔ ብዙ ነበረች።

«የማን ነበር?» አልኩት።

«ከጓሮ መንገድ ላይ ነው ያነሳሁት። ስም የለውም» አለና ሳቀ። «እንግዲህ አንተም ስም እስክናገኝልህ ኮት ትባላለህ።»

አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ጠቅልዬ እዚያ ቤት ለመግባት በልቤ ቆረጥኩ። እናቴ ሳታውቅብኝ፣ ሳትጥለኝ፣ እኔው ቀድሜ እጠፋለሁ። ካፖርቱን ትምህርት ቤት፣ ሎከር በሚሉት የግል ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌ አስቀምጬ ከሰዓት በኋላ ኮልፋክስ ስሄድ ብቻ እለብሰው ነበር። ከቆሻሻ የተለቀመ ልብስ ለብሼ እናቴ ፊት መቆም አይታሰብም።

በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ውስጥ እጄን ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። ጠንካራ ፍሬ ነገር ነካሁ። አውጥቼ ሳየው የገብስ ቆሎ ነው። አንዲት ፍሬ። ዴንቨር ውስጥ ከቆሻሻ ገንዳ ሥር የተነሳ ካፖርት፣ ኪሱ ውስጥ የገብስ ቆሎ። ከእኔ ልብስ ተራግፎ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ኪሶቹን ገልብጬም አራገፍኩ። በማግስቱ እጄን ስከት ሁለት ፍሬ አገኘሁ። እንደገና አራገፍኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ አንድ። በኋላ በኋላ መፍራቱም ታከተኝ መሰለኝ፣ አንድ ቀን በመስኮት እያየሁ ሳላስበው አንዷን ፍሬ ቆረጠምኳት። ጨው ጨው ትላለች። ጥሩ ቆሎ ነበረች።

በዚህ መሀል ቤታችን ውስጥ ሌላ ነገር ተጀመረ። ሥጋ መብላት ተውኩ። ጾም ሳይሆን፣ በፍስክ። እናቴ አዲስ ጫማ ልግዛልህ ስትለኝ ያለኝ ይበቃኛል አልኩ። ያሉኝን ልብሶች ግማሹን አጥፌ ለሚቸገር ሰው ስጪ ብዬ ሰጠኋት። ሴት ልጅ እንደማላይ ደግሞ ከድሮም ታውቃለች። እናቴ ይህን ሁሉ ደምራ ደማምራ አንድ ነገር ላይ ደረሰች፤ ልጄ ሊመንን ነው።

ለእትዬ ጥሩነሽ ነገረቻቸው። እትዬ ጥሩነሽ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ለእሳቸው የተነገረ ነገር ለአዳራሹ ሁሉ ተነገረ ማለት ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሴቶቹ ተነስተው ጉልበቴን ሊስሙ ምንም አልቀራቸው። «በዚህ አገር፣ በዚህ ዕድሜ!» ይላሉ። የንስሐ አባታችን ለገና አንድ ገዳም ይዘውኝ ሊሄዱ ከእናቴ ጋር ተነጋገሩ። እናቴ ደስታና ሐዘን ተደባልቆባት፣ ወጥ ስትሠራ ዕንባዋን በክንዷ ትጠርጋለች። የልጅ ልጅ ላታይ ነው፤ ግን ልጇ ቅዱስ ሊሆን ነው።

እኔስ? እኔ ዝም አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ተመቸኝ። ሴት ጓደኛ አልያዝክም ወይ የሚለኝ ሰው ጠፋ። ዕድሜ ልኬን ከዚህ ጀርባ ተደብቄ መኖር እንደምችል ሳስብ ትከሻዬ ቀለለኝ። አንዳንድ ቀን ግን መስታወት ፊት ቆሜ፣ እዚያ ኮት፣ እዚህ መናኝ፣ ናሆም የሚባለው ልጅ የት ሄደ እል ነበር።

ኦክቶበር አጋማሽ ላይ እትዬ ጥሩነሽ ቤታችን መጥተው ከእናቴ ጋር ሲጨዋወቱ፣ «ጋሽ ይርጋ ቤተ ክርስቲያን ከቀሩ ስንት ጊዜያቸው ነው?» አለች እናቴ።

ጋሽ ይርጋን አውቃቸዋለሁ። አውቃቸዋለሁ ስል፣ ከነጭ ነጠላዎች መሀል ከኋላ ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች አንዱ ናቸው። ሌላው ሁሉ ቤት እየገዛ ወደ ኦሮራና ሊትልተን ሲበተን እሳቸው ካፒቶል ሂል ያቺው አንድ ክፍል ውስጥ ቀሩ። አላገቡም። መኪና የላቸውም። ምንም አይገዙም። ሰው ሁሉ በአክብሮት «መናኙ» ይላቸው ነበር።

«ኧረ ደህና ናቸው» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «ማክሰኞ ከሰዓት ኮልፋክስ ላይ አየኋቸው። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ በዚያ ካፖርታቸው ከፊት ከፊቴ ይሄዳሉ። ጋሼ፣ ጋሼ ብዬ ብጣራ ጭራሽ እርምጃቸውን አፈጠኑ። ሱባዔ ይዘው ይሆናል ብዬ ተውኳቸው።»

«ደህና ከሆኑ እንግዲህ» አለች እናቴ። «ልሄድ ልጠይቃቸው ነበር።»

ክው ብዬ ቀረሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ኮልፋክስ ላይ በአማርኛ «ጋሼ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰምቼ፣ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ፈርቼ እርምጃዬን ያፈጠንኩት እኔ ነበርኩ።

ተመሳሳይ ካፖርት ነው አልኩ ለራሴ። ቡናማ ካፖርት ስንት አለ። ያን ሳምንት ግን ስለብሰው እጄ ያመነታ ነበር።

የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ዕለት ከትምህርት ቤት ወጥቼ አውቶቡስ ያዝኩ። ከቀትር በኋላ ነው፤ ፀሐይ የለችም፣ ግን በረዶው ራሱ የሚያበራ ይመስል ሁሉም ነገር ጥላ አጥቷል። ኮሌታዬን እስከ ጆሮዬ አቁሜ፣ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። ሾፌሩ የእኛው ሰው ነበር፤ ቀና ሳይል፣ «እንዴት ዋሉ፣ ጋሽ ይርጋ። ሰሞኑን ጠፉ» አለ። ከኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። ብዙ ከሄድን በኋላ አውቶቡሱ ማንም የመውረጃ ደወል ሳይጫን አንድ ማዕዘን ላይ ቆመ። የኋላው በር ተከፈተ። የሚወርድ ሰው የለም። ሾፌሩ በመስታወቱ ያየኛል፤ ይጠብቀኛል።

ተነስቼ ወረድኩ። አልወርድም ማለት እችል ነበር፤ ግን እግሬ ወረደ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋና አውቶቡሱ ሄደ። ፊት ለፊቴ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ሕንፃ አለ። የሕንፃውን ጽዳት የምትሠራ የምትመስል፣ ጓንት ያጠለቀች ከሲታ ፈረንጅ ሴት መግቢያው ላይ በረዶ ትዝቃለች። ቀና ብላ ስታየኝ አካፋዋን ለቀቀችው።

«አምላኬ» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ያንን ካፖርት ከየት አመጣኸው?»

ከበሩ መስታወት ጀርባ የፖስታ ሣጥኖቹ ይታያሉ። ከመካከላቸው በአንዱ ላይ፣ በቀጭን የእጅ ጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል «ይርጋ» ተጽፏል።

ሴትዮዋ ነገረችኝ። ሴፕቴምበር ላይ ነው የሞቱት፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ። ከቀናት በኋላ ነው የተገኙት። የሚጠይቅ ሰው ቢጠበቅ ቢጠበቅ አልመጣም፤ የአካባቢው መስተዳድር ወስዶ ቀበራቸው። ወሩ ሲያልቅ ዕቃቸው ወደ ጓሮ ወጣ።

«ቤተሰባቸው ነህ?» አለችኝ።

«አይደለሁም» አልኩ።

እስከ ዛሬ ያቺ ቃል ታሳፍረኛለች። ሰውዬውን በጀርባዬ ተሸክሜ ነው አይደለሁም ያልኩት። በሕፃንነቴ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን እየዞሩ ከኪሳቸው ቆሎ እፍኝ እፍኝ የሚሰጡን ሰውዬ እሳቸው እንደነበሩ ትዝ ያለኝ እዚያው ቆሜ ነው።

ሮጬ ወደ ዶሮቲ ቤት ሄድኩ። ዋልተር ካሮት ይልጥ ነበር።

«ካፖርቱን ያነሳህ ቀን ሌላ ምን ነበር? ወረቀት? ደብዳቤ?»

«ብዙ ነበር» አለ። «አንድ ሻንጣ ሙሉ። ልናነበው አልቻልንም፣ እናንተ የምትጽፉት ዓይነት ፊደል ነው። ሻንጣውን ወስደን ወረቀቱን እዚያው ተውነው። የሚጠቅም አልነበረም።»

ክፋት አልነበረበትም። ይህን ሲናገር እንደተለመደው ደግ ነበር። ሻንጣው ወጥ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ሽንኩርት ተሞልቶበታል። ማሽኑ፣ «እኔ ነኝ፣ እንደገና ደወልኩ፤ አለህ?» አለ። ዶሮቲ «አለን» ስትል ወጣሁ።

ካፖርቱን ሳላወልቅ ቤት ገባሁ። እናቴ ወደ ሥራ ልትሄድ እየተሰናዳች ነበር። በሩን ስከፍት የበረዶው ብርሃን ከኋላዬ ስለነበር ፊቴ አልታያትም።

«ውይ፣ ጋሽ ይርጋ!» አለች፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ። «ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ። በዚህ ብርድ?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

ቆማ ቀረች። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዳቦውን፣ ቤቱን፣ ካፖርቱን፣ እትዬ ጥሩነሽ ያዩት እኔን እንደነበረ። «ሞተዋል» አልኳት። «ከሞቱ ሁለት ወር ሊሆናቸው ነው። ደህና ናቸው የተባለው እኔን አይተው ነው።»

እናቴ አላለቀሰችም። ካፖርቱን አወለቀችልኝና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ገበሩን በጣቷ እየዳበሰች ብብቱ ሥር ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ የእኔ ስፌት ነው» አለች። «አንድ ዓመት፣ ወረቀት የምይዝበት ከውጭ የማይታይ ኪስ ስፊልኝ አሉኝ። ምን ወረቀት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሰፋሁላቸው።»

ካፖርቱ እኔ ጋ ከአንድ ወር በላይ ሲቆይ ያንን ኪስ አላየሁትም። ከሥሩ ገበሩ በጥቂቱ ተተርትሯል፤ ቆሎው ወደ ውጭው ኪስ የሚወርደው ከዚያ ነበር። እናቴ ሁለት ጣቷን ሰዳ አንድ ፎቶ አወጣች። ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ባሕር የተሳለበት መጋረጃ ፊት፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። አንዱ ጋሽ ይርጋ ናቸው። የፎቶው ጠርዝ ከመነካት ብዛት ጨርቅ ሆኗል። ከጀርባው እንዲህ ይላል፦ «ካርቱም። ወደ አውስትራሊያ ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው።» ከሥሩ አንዲት ቃል ብቻ፣ በተለያየ እስክርቢቶ፣ አንዳንዱ ደብዝዞ አንዳንዱ ትናንት የተጻፈ መስሎ፣ እስከ ታች ወርዷል። «ዛሬም። ዛሬም። ዛሬም።»

እናቴ አገላብጣ አየችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እኛ እኮ መናኝ ነበር የምንላቸው» አለች። «ሃያ ዓመት አጠገባችን ተቀምጠው።»

የሥራ ሰዓቷ አለፈ። ሰዓቱን አላየችውም። እኔን ነበር የምታየው።

«ናሆም፣ ልትመንን ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

ያ ለወራት ስሸሸው የከረምኩት ነገር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። «እንደ ጋሽ ይርጋ ነኝ» አልኳት።

ፎቶውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ተነስታ ስትሄድ፣ ጥቁሩን የቆሻሻ ፌስታል ልታመጣ ነው ብዬ አሰብኩ፤ በእውነት እንደዚያ ነው ያሰብኩት። መቀስ ይዛ ተመለሰች። ካፖርቱን ጭኗ ላይ አድርጋ የዚያን ኪስ ስፌት አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች። ክሩን ሁሉ ፈትታ ከጨረሰች በኋላ ነው የተናገረችው።

«ለሳቸው ኪስ ሰፋሁላቸው» አለች። «ላንተ አልሰፋም።»

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ቀና ብል ውሸት ነው። ብዙ አለቀሰች፤ ይህ አገር ነው ያመጣብኝ ያለችበት ቀን ነበር፤ ሳምንት ያላነጋገረችኝ ጊዜም ነበር። ግን በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ አዲስ ካፖርት ገዝታ መጣች። ደማቅ ቀይ፣ ከሩቅ የሚታይ። «ማንም ከኋላ አይቶህ ሌላ ሰው እንዳትመስለው» አለችና እስከ አንገቴ ቆለፈችልኝ። ምንም ላልገዛ የማልኩ ልጅ ያን ካፖርት ሦስት ክረምት ለበስኩት።

ለጋሽ ይርጋ እድሩ በአዳራሹ ለቅሶ ተቀመጠ። ዘመድ ስላልነበራቸው ከፊት ያለው የሐዘንተኛ ወንበር ባዶ ሆነ፤ ሰው ሲገባ ማንን እንደሚያጽናና ጠፋው። «የሟች ወገን ማነው?» አሉ አንድ አዛውንት። «እኔ ነኝ» ብዬ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ልጁ እኮ ሊመንን ነው፣ እሳቸውን ሊተካ ነው ስትል፣ እናቴ ከኋላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ልጄ አይመንንም። ቤቱ ነው የሚኖረው» አለች። የጠየቃት ሰው የለም።

እትዬ ጥሩነሽ አጠገቤ መጥተው ሲያለቅሱ ዕዳዬን ልክፈል ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። «ማክሰኞ ኮልፋክስ ላይ ያዩት እኔን ነው፣ እትዬ። ካፖርታቸውን ለብሼ ነበር።»

ዕንባቸውን ጠርገው አዩኝ። «ማክሰኞስ ይሁን» አሉ። «የዚያን ሳምንት ሐሙስ ጠዋትስ? አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀምጠው ፊት ለፊት አየኋቸው። በዚያው ካፖርታቸው። ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ።»

ያን ሐሙስ ጠዋት እኔ ክፍል ውስጥ ፈተና ላይ ነበርኩ። ካፖርቱ ሎከር ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ይህን ለእትዬ ጥሩነሽ አልነገርኳቸውም፤ ለማንም አልነገርኩም።

ዶሮቲ ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ተመለስኩ፣ ለመሰናበት። ዋልተር አቅፎኝ፣ ስም አግኝቼልህ ነበር አለኝ። «ስም አለኝ» አልኩት። በጸደይ ቤቱ ተሸጦ ፈረሰ፤ ዋልተርም ወደየት እንደሄደ አላወቅኩም። ከእነሱ የተማርኩትን ግን አልጣልኩትም። ዛሬም ብዙ አልገዛም፤ ማርከስ ይስቅብኛል። የእነሱ ጥፋት አንድ ነው፤ ዕቃውን አንስተው ሰውየውን እዚያው ተዉት። የእኛም ጥፋት ከዚያ የራቀ አይደለም፤ ሰውየውን በአክብሮት ብቻውን ተውነው።

እናቴ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ቡናማው ካፖርት ቁም ሣጥኗ ውስጥ ተሰቅሏል፤ የሟች ልብስ ለተቸገረ ይሰጣል፣ እሱን ግን መስጠት አልሆነላትም። በየዓመቱ የሙታንን ስም ለቄሱ በወረቀት ስትሰጥ፣ ከአባቴ ስም ቀጥላ «ይርጋ፣ ከነጓደኛው» ብላ ትጽፋለች። አንድ ዓመት ቄሱ የጓደኛውን ስመ ክርስትና ጠይቀዋት ነበር። «እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ አባቴ» አለች።

ባለፈው ቅዳሜ ያን ሶፋ ላይ የተጣለ ካፖርት ሁለቱንም ኪስ ፈተሽኩ፤ ገበሩንም ዳበስኩ። ባዶ ነበር። አጥፌ መልሼ አስቀመጥኩትና መኪና ውስጥ ገብቼ ወደ እናቴ ደወልኩ።

«ደግሞ ከቆሻሻ ምን አነሳህ?» አለች፣ ሳልነግራት።

«ምንም። ኪሱን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ማርከስ ካፖርት ለብሷል?»

ዞር ብዬ አየሁት። በስስ ሹራብ ተቀምጦ እጁን ያሻሻል። «አልለበሰም» አልኳት።

«ስልኩን ስጠው» አለች።